የቤት ገዢውና የተሰወረው ዕዳ

በ2001 በሰሜን እንግሊዝ፣ ከዶንካስተር ብዙም በማትርቀው ባውትሪ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ አንድ ነዋሪ የአትክልት ቦታውን ሲቆፍር ጥቁርና የሚጣበቅ ነገር ወጣበት። የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ነበር። ቦታው ከ1912 እስከ 1931 ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ይመረትበት የነበረ የፋብሪካ ግቢ ነው። በ1960ዎቹ መሬቱ ለቤት ሠሪ ተሸጠ፤ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩበት፤ ቤቶቹም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ሲመረመር 11 ቤቶች በተበከለ መሬት ላይ መቆማቸው ታወቀ። ማጽጃውን ማን ይክፈል የሚለው ክርክር በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ2007፣ የቀድሞዎቹን የጋዝ ድርጅቶች ሥራ የወረሰው ኩባንያ ራሱ ያልበከለውን መሬት እንዲያጸዳ ሊገደድ አይችልም ሲል ወሰነ።

ጋዝ ፋብሪካ በድብቅ የሚሠራ ነገር አይደለም። ይህኛውም በግል ኩባንያዎች እጅ ቆይቶ በ1949 ወደ መንግሥት የጋዝ ቦርድ ሲዞር፣ ኋላም መሬቱ ለቤት ሠሪው ሲሸጥ፣ በየደረጃው ወረቀት ተጽፏል። መረጃው ነበረ። የቤቶቹ ነዋሪዎች እጅ የገባው ግን እዚያው ለዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የቤት ሽያጭን ታሪክ የመረመረ ሰው ይህን ነገር ደጋግሞ ያገኘዋል። አደጋው ከአንድ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ገዢው ግን የሚሰማው ከፈረመ በኋላ ነው። ዛሬ የስም ዝውውር ጠበቆች ጉዳዩን በተቀበሉበት ቀን ኮምፒውተር ላይ የሚያካሂዱት ማጣራት፣ ያንን የመስሚያ ሰዓት ከፊርማው በፊት ለማድረግ ለዘመናት የተደረገ ጥረት ውጤት ነው። ብዙው እርምጃ የተገኘው አንድ ሰው ከከሰረ በኋላ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር የተጠቀሱት ዓመታት ያሳያሉ።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ መሬት የሚተላለፈው በወረቀት አልነበረም። ሻጭና ገዢ ምስክሮች ይዘው ከመሬቱ ላይ ይቆማሉ፤ ሻጩም ጓል አፈር ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ አንሥቶ ለገዢው በእጁ ያስጨብጠዋል። ርክክቡ በዚያው ይጸናል። ሥርዓቱ ለዘመኑ የሚስማማ ጥበብ ነበረበት፤ ድንበሩን የሚያውቀው፣ መንገድ የሚሻገርበት ወይም ድርሻ አለኝ የሚለው ጎረቤት እዚያው ቆሞ ማየትና መናገር ይችል ነበር። መሬቱ የሩቅ አገር ሰው የሚገዛው፣ በመያዣነት የሚያዝና ገንዘብ የሚበደሩበት ንብረት እየሆነ ሲሄድ ግን የምስክር ቃል አልበቃም። በ1677 ማጭበርበርን ለመከላከል የወጣው ሕግ የመሬት ውል በጽሑፍ እንዲሆን አዘዘ። አፈር የማስጨበጡ ሥርዓትም በ1845 ከወጣው ሕግ በኋላ አስፈላጊነቱ ቀረ።

ወረቀቱ የራሱን ችግር ይዞ መጣ። የባለቤትነት ማስረጃው አንድ ሰነድ ሳይሆን እርስ በርሱ የተያያዘ የሰነድ ሰንሰለት ነበር፤ እከሌ ለእከሌ ሸጠ፣ እከሌ ሲሞት ልጁ ወረሰ፣ ልጁ አስይዞ ተበደረ እያለ ወደኋላ ይሄዳል። ጠበቃው ቢያንስ የ60 ዓመት ታሪክ ማንበብ ይጠበቅበት ነበር። ይህ በ1874 ወደ 40፣ በ1925 ወደ 30፣ በ1969 ደግሞ ወደ 15 ዓመት ዝቅ አለ። የጠበቃው ክፍያ እስከ 1880ዎቹ ድረስ ባብዛኛው በጽሑፉ ርዝመት ይታሰብ ስለነበር፣ ሰነዱን የሚያሳጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሰነዶቹ ሣጥን ያለው ሻጩ ዘንድ መሆኑ ነው። አንዱን ወረቀት ቢደብቅ፣ አንዱን መሬት ለሁለት አበዳሪ ቢያስይዝ፣ ገዢው የሚያውቅበት ሌላ በር አልነበረውም። ሕጉም «ገዢ ይጠንቀቅ» ብሎ ሸክሙን እሱ ላይ ጥሎታል።

ስኮትላንድ ይህን ቀድማ አይታ ነበር። በ1617 የመሬት ሰነዶች የሚመዘገቡበትና ማንም ሊያየው የሚችል መዝገብ በሕግ አቋቋመች። እንግሊዝ ግን በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዮርክሽርና በሚድልሴክስ ብቻ የሰነድ መዝገብ ቤቶችን ከፍታ ሌላውን አገር ለሣጥኑ ተወችው። በ1862 የመሬት ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ምዝገባው በፈቃደኝነት ነበርና ብዙ ሰው አልመጣም። በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የተለየ ሐሳብ ተሰማ። በአዴሌድ የጉምሩክ ሹም የነበረው ሮበርት ቶረንስ በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ ባስጸደቀው ሕግ፣ ባለቤትነት ከሰነድ ሰንሰለት ሳይሆን በቀጥታ ከመንግሥት መዝገብ እንዲመነጭ አደረገ። መዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ባለቤት ነው፤ ወደኋላ መቆፈር አያስፈልግም። እንግሊዝ ይህን መንገድ የያዘችው ቀስ ብላ ነው። በ1897ቱ ሕግ ለለንደን አስገዳጅ ምዝገባ መጣ፤ በ1925 ሕጉ እንደገና ተዋቀረ፤ ግዴታው መላውን እንግሊዝና ዌልስ ያዳረሰው ግን በታኅሣሥ 1990 ነው።

በዚህ መሐል ባለው ረጅም ጊዜ ያልተመዘገበ መሬት የሚገዛ ሰው የሚጠብቀውን እንግልት ለመረዳት የፍራንክን ጉዳይ ማየት ይበቃል። በ1925 የወጣው ሕግ ያልተመዘገበ መሬት ላይ ያለን ዕዳና መብት በመሬቱ ሳይሆን በባለቤቱ ስም እንዲመዘገብ አድርጎ ነበር። በ1968 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በደረሰ አንድ ክርክር፣ የባለቤቱ ትክክለኛ ስም ፍራንሲስ ዴቪድ ሳለ መብቱ የተመዘገበው ፍራንክ ዴቪድ በሚል ነበር። የሚያጣራው አበዳሪ ደግሞ ፍራንሲስ ዴቪስ ብሎ ጠየቀ። መዝገብ ቤቱም ምንም የለም ብሎ መለሰ። ፍርድ ቤቱ የባለቤቱ ስም ሌላ አጠራር የሆነው «ፍራንክ» ተቀባይነት ያለው ምዝገባ ነው፣ በተሳሳተ ስም የጠየቀ ግን ኪሳራውን ይቻል አለ። በፓስፖርቱ፣ በመንጃ ፈቃዱና በባንክ ደብተሩ ስሙ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ሁለተኛው መዝገብ ካውንስል የሚባለው የአካባቢ አስተዳደር ዘንድ ነበር። ከ1925 ጀምሮ እያንዳንዱ ካውንስል የአካባቢ የመሬት ዕዳዎችን መዝገብ ይይዝ ነበር፤ የ1947ቱ የከተማ ፕላን ሕግ ከመጣ በኋላ መዝገቡ በእጅጉ ወፈረ። ግንባታ የተከለከለበት ቦታ፣ በቅርስነት የተያዘ ሕንፃ፣ የሚቆረጥ ዛፍ የለም የተባለበት ግቢ፣ ካውንስሉ አውጥቶበት ያልተመለሰ ወጪ ሁሉ እዚያ ይገኛል። የገዢው ጠበቃ ጥያቄውን በቅጽ ሞልቶ በፖስታ ይልክ፣ ጸሐፊውም ካርዶቹን አገላብጦ መልስ ይጽፍ ነበር። ሳምንታት ይሄዱ ነበር።

ጸሐፊው ቢሳሳትስ? ይህ ጥያቄ በ1970 መልስ አገኘ። አንድ የመሬት ባለቤት የግንባታ ፈቃድ ስለተነፈገው የቤቶች ሚኒስቴር ከ1,800 ፓውንድ በላይ ካሣ ከፍሎት፣ ወደፊት ግንባታ ከተፈቀደ ገንዘቡ እንዲመለስ በካውንስሉ መዝገብ አስፍሮ ነበር። ኋላ ግንባታው ተፈቀደ፤ መሬቱም ሊሸጥ ሆነ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ሲያጣራ ይህን መስመር ዘለለው። ገዢዎቹ ንጹሕ ነው የሚል ማረጋገጫ ይዘው ገዙ፤ ሚኒስቴሩም ገንዘቡን አጣ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ካውንስሉ ለሠራተኛው ቸልተኝነት ይጠየቃል ሲል ፈረደ። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው የ1975ቱ ሕግ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። መዝገቡ ላይ ቢኖርም ባይኖርም ዕዳው መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ በመዝገቡ ጉድለት የተጎዳ ገዢ ግን ካሣ ያገኛል።

የመሬት ምዝገባው መሥሪያ ቤት ራሱ እስከ ታኅሣሥ 1990 ድረስ ዝግ ነበር። የአንድን ቤት መዝገብ ለማየት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር፣ ገዢው በሻጩ በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። በዚያ ወር መዝገቡ ለማንም ክፍት ሆነ። ዛሬ ከ26 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎች ያሉበት ይህ መዝገብ፣ አድራሻ ጽፎ ጥቂት ፓውንድ ለከፈለ ሁሉ ባለቤቱን፣ ያለበትን የባንክ ዕዳና እገዳ በደቂቃዎች ያሳያል። ሣጥኑ ከሻጩ እጅ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

መዝገቡ የማይናገራቸው ጥንታዊ ግዴታዎችም ነበሩ። በዎሪክሽር አውራጃ፣ አስተን ካንትሎ በተባለ መንደር አንድ የእርሻ ቦታ የወረሱ ባልና ሚስት የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ክፍል እንዲያሳድሱ ተጠየቁ። ግዴታው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ከአንዳንድ መሬቶች ጋር ተያይዞ የመጣ ነው፤ በ1932 የወጣ ሕግም እንዴት እንደሚከፈል ደንግጎለታል። ባልና ሚስቱ ተከራከሩ፤ በ2003 በሎርዶች ምክር ቤት ተረቱ፤ በ2007 ደግሞ ዕዳው ወደ 187,000 ፓውንድ ሆኖ ተቆረጠ። የጠበቃው ወጪ ከዚያ ውጭ ነው።

ፍርዱ የአገሪቱን የስም ዝውውር ጠበቆች አስደነገጠ። እንዲህ ያለ ግዴታ ያለባቸው መሬቶች ዝርዝር ከ1936ቱ የአሥራት ሕግ በኋላ ተሰናድቶ ለንደን ውስጥ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ለአንድ ቤት ብሎ ኪው ድረስ ሄዶ የሚያገላብጥ ግን አልነበረም። ከ2003 በኋላ የፍተሻ ኩባንያዎች መረጃውን በአጥቢያ ከፋፍለው ለጠበቆች በትንሽ ዋጋ ማቅረብ ጀመሩ፤ አድራሻው አደጋ ባለበት አጥቢያ ውስጥ ከወደቀ ማሳወቂያ ይመጣል፣ መድን ይገዛል። ሕጉም በበኩሉ ከጥቅምት 2013 ወዲህ ያልተመዘገበ እንዲህ ያለ መብት አዲስ ገዢን እንዳይይዝ አደረገ።

ከመሬት በታች ያለው ጉዳይም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ፣ ዌልስና ስኮትላንድ ለዘመናት የድንጋይ ከሰል ሲቆፈርባቸው ኖረዋል፤ ከ170,000 በላይ የታወቁ የማዕድን መግቢያ ጉድጓዶች አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ ከሰው ሳሎን ሥር ናቸው። በ1994 የተቋቋመውና አሁን ስሙ የተለወጠው የድንጋይ ከሰል ባለሥልጣን የድሮ ማዕድን ካርታዎችን ሰብስቦ፣ በማዕድን አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው በአድራሻ ብቻ ጠይቆ እንዲያውቅ አስችሏል።

በዚያው በ1990ዎቹ አጋማሽ የብሔራዊው ካርታ ድርጅት ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ያነሣቸው ዝርዝር ካርታዎች ወደ ኮምፒውተር ተገለበጡ። እነዚያ ካርታዎች ጋዝ ፋብሪካውን፣ ቆዳ ማልፊያውን፣ የቆሻሻ መጣያውን ሁሉ በቦታው ያሳያሉ። በሚያዝያ 2000 የተበከለ መሬት ሕግ በእንግሊዝ ሥራ ላይ ሲውል፣ በካዩ ካልተገኘ የአሁኑ ባለቤት ሊጠየቅ ይችላል አለ። ያን ጊዜ የካርታዎቹ ዋጋ ለሁሉም ገባው። ዛሬ የአካባቢ ፍተሻ የሚባለው ሪፖርት የተወለደው ከዚህ ሕግና ከእነዚያ ካርታዎች ጋብቻ ነው።

የጎደለው አንድ ላይ ማምጣቱ ነበር። ካውንስል፣ መሬት ምዝገባ፣ የውኃ ኩባንያ፣ የማዕድን ባለሥልጣን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅጽ፣ ክፍያና ወረፋ ነበራቸው። በ1998 በብሪስቶል ሙከራ ተደርጎበት በ2001 በአገር ደረጃ የተጀመረው ብሔራዊ የመሬት መረጃ አገልግሎት ጠበቃው ሁሉንም ከአንድ ቦታ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያዝ አደረገ። ፍጥነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የእንግሊዝን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። እዚያ ገዢና ሻጭ በዋጋ ቢስማሙም፣ የተፈረመ ውል እስኪለዋወጡና ቀብድ እስኪከፈል ድረስ አንዳቸው በሌላው አይታሰሩም። ያ መሐል ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። ገዢው ለጠበቃ፣ ለሕንፃ መርማሪና ለባንክ ሲከፍል ቆይቶ በአሥረኛው ሳምንት ቤቱ በጎርፍ ቀጠና መሆኑ ቢነገረው፣ ገንዘቡም ጊዜውም ሄዷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአገራችን አባባል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት ይህን ለማስተካከል የወሰደው ትልቁ እርምጃ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሸፈ። የ2004ቱ የቤቶች ሕግ ሻጩ ቤቱን ለገበያ ሲያወጣ የባለቤትነት ማስረጃውን፣ የካውንስል ፍተሻውንና የኃይል አጠቃቀም ምስክር ወረቀቱን በአንድ ጥቅል እንዲያዘጋጅ አዘዘ። ስለ ቤቱ አካላዊ ሁኔታ የሚናገረው ዋናው ሪፖርት ግን ገና ሥራው ሳይጀመር በ2006 ከግዴታ ወጣ። ጥቅሉ በነሐሴ 2007 አራት መኝታ ቤትና ከዚያ በላይ ባላቸው ቤቶች ተጀምሮ በዓመቱ መጨረሻ ለሁሉም ሆነ። ወዲያው የቤት ገበያው ወደቀ። ሻጮች በወጪው አማረሩ፤ ቤቱ ሳይሸጥ ሲቆይ ፍተሻው ያረጃል፤ የገዢ ጠበቆችም በሻጭ የተገዛ ፍተሻ ላይ መተማመን ስላልፈለጉ ደግመው ያዝዙ ነበር። በግንቦት 2010 አዲሱ መንግሥት ጥቅሉን አገደው፤ በቀጣዩ ዓመትም በሕግ ቀረ። ስኮትላንድ በታኅሣሥ 2008 የጀመረችው ተመሳሳይ አሠራር ግን የሕንፃ ምርመራውን ከውስጡ ስላላወጣ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የዛሬው የጠበቆች ሶፍትዌር መረጃን ቀድሞ የማቅረቡን ሐሳብ ከጠበቃው ጠረጴዛ በኩል መልሶ አመጣው። አድራሻው ሲገባ ሥርዓቱ የቤቱን መለያ ቁጥርና በካርታ ላይ ያለውን ወሰን ያገኛል፤ ያንን ወሰን በጎርፍ ካርታ፣ በማዕድን ጉድጓዶች፣ በድሮ ፋብሪካዎች፣ በአጥቢያና በግንባታ ፈቃድ መረጃዎች ላይ ያስቀምጠዋል። ከመሬት ምዝገባው መዝገብ የባለቤቱን ስም ከሻጩ ስም ጋር ያመሳክራል፤ የባንክ ዕዳን፣ እገዳንና የአጠቃቀም ገደብን ይለያል። ቤቱ በሊዝ ከሆነ የቀረውን ዘመን ያሰላል፤ ከ80 ዓመት በታች ሲወርድ የማራዘሚያው ዋጋ ስለሚንር ያስጠነቅቃል። ዓመታዊው የመሬት ኪራይ በየአሥር ዓመቱ እጥፍ እንዲሆን የሚያደርግ አንቀጽ ካለም ያወጣዋል። ያ አንቀጽ በሺዎች የሚቆጠሩ ገዢዎችን ቤታቸውን መሸጥ እስኪያቅታቸው ድረስ ያሰረ ነው፤ ፓርላማው በሰኔ 2022 በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ለአዳዲስ ረጅም ሊዞች ባብዛኛው የመሬት ኪራይን ወደ ባዶ አወረደው። አንቀጹ ከመጀመሪያውም በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የቤቱን በር አያንኳኳም። በ1980 የሎርዶች ምክር ቤት በወሰነው አንድ ጉዳይ፣ ቤቱ በመዝገብ ላይ በባል ስም ብቻ ነበር፤ ሚስት ለግዢው ገንዘብ አዋጥታለች፣ እዚያም ትኖራለች። ባል ለግንባታ ኩባንያው ቤቱን አስይዞ ተበደረ፤ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቤቱን ጠየቀ። መዝገቡን ያየ ሰው ምንም አያገኝም። ምክር ቤቱ ግን በቤቱ ውስጥ የምትኖረው ሚስት ድርሻ ባንኩን ያስረዋል ሲል ፈረደ። ባንኩ ማን እንደሚኖር ቢጠይቅ ኖሮ ያውቅ ነበር። ማንኛውም ሶፍትዌር ይህን ጥያቄ ለጠበቃው ያስታውሰው ይሆናል፤ ሄዶ መጠየቁ ግን የሰው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። የአጥቢያው መረጃም የሚናገረው ስለ ሰፈሩ እንጂ ስለ ግቢው አይደለም፤ የማስጠንቀቂያውን ቀይ ምልክት ካየ በኋላ ወደ ዋናው ሰነድ መመለስ ያለበት ጠበቃው ነው።

ለንደን ወይም ሊድስ ቤት ለሚገዛ ኢትዮጵያዊ ይህ ታሪክ ተግባራዊ ትርጉም አለው። አገር ቤት ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ክፍለ ከተማ ሄዶ ማጣራት የለመደ ሰው፣ እንግሊዝ ውስጥም ያው ጥያቄ መኖሩን ሲያውቅ አይደነቅም። ልዩነቱ እዚያ መዝገቡ ብዙ መሆኑና የሚጠይቀውም ጠበቃው መሆኑ ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋ እንደተስማማ፣ ለሕንፃ ምርመራና ለብድር ገና ሳይከፍል፣ የመጀመሪያው የአደጋ ሪፖርት እንዲወጣለትና ቀይ ምልክቶቹን ጠበቃው በቃል እንዲያስረዳው መጠየቅ ይችላል፤ ይገባዋልም።

የመዝገቦቹ መሰባሰብ አሁንም አላለቀም። የ2015 ሕግ የአካባቢ የመሬት ዕዳዎችን መዝገብ ከካውንስሎች ወስዶ ለመሬት ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሰጠ፤ የመጀመሪያው ካውንስል፣ የዎሪክ አውራጃ፣ በሐምሌ 2018 ገባ፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየተከተሉ ነው። የገባበት አካባቢ ገዢ በወረፋ ይጠብቀው የነበረውን መልስ ወዲያው ያገኛል። በጥቅምት 2025 ደግሞ መንግሥት ሻጮችና ደላሎች ስለ ቤቱ ዋና ዋና መረጃ ገና ለገበያ ሲያወጡት እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ማሻሻያ ለሕዝብ አስተያየት አውጥቷል። ሐሳቡ የ2007ቱ ጥቅል ሐሳብ ነው። ያን ጊዜ የፍተሻ ወረቀት ያረጅ ነበር፣ አሁን መረጃው በየዕለቱ ሊታደስ ይችላል። ያን ጊዜ የሕንፃው ሪፖርት ቀርቶ ነበር፣ ስኮትላንድ ግን ይዛው በመቆየት እንደሚሠራ አሳይታለች። የገዢው ጠበቃ ሻጩ ያቀረበውን ፍተሻ አምኖ የሚቀበልበት፣ ፍተሻው ቢሳሳትም በ1975ቱ ሕግ እንደተደረገው ካሣ የሚከፍለው ተለይቶ የሚታወቅበት ደንብ ካልተጨመረ ግን፣ ገዢው ለአንድ ፍተሻ ሁለት ጊዜ መክፈሉ ይቀጥላል።